በቁስቋም ኩሬ ውስጥ ማን ማን ነው?

ከሩቅ ለሚያይ መንገደኛ በግ ሁሉ በግ ነው፤ አንዱ ካንዱ አይለይበትም። እረኛው ግን ከመቶው መካከል አንዲቱ የጎደለች እንደ ሆነ፣ ቈጥሮ ሳይጨርስ «ያቺ ጆሮዋ ጥቍሯ የለችም» ብሎ ፍለጋ ይነሣል። ልዩነቱ በዓይናቸው ጥራት አይደለም። መንገደኛው ያያል፤ እረኛው ለይቶ ያያል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ለይቶ ስለ ማየት ሲሆን፣ ለምሳሌ ያቀረብነው ግን በግ ሳይሆን ከተልባ ፍሬ እንኳ የሚያንስ፣ በየኩሬው ውስጥ የሚንሳፈፍ ፍጥረት ነው። አንባቢያን «ለእሑድ ዕረፍታችን የኩሬ ተባይ ታቀርቡልናላችሁን?» ብለው እንዳይቀየሙን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገሩ ዝቅ ብሎ እንደሚታየው የሰው ጤና ያለበት ነገር ነው።

ባለፈው ኅዳር 6 ቀን የቁስቋምን በዓል ለማክበር ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ወደ ጎንደር ወጥተን ነበር። ቁስቋም ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በደብረ ፀሐይ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ደብር ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱን ከነቤተ መንግሥቷ አሠርተው ኖረውባታል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር በገባ ጊዜ፣ በዚሁ ግቢ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች እንዳስታመመ ጽፎ ትቶልናል። ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ፍርስራሹ ነው፤ ደብሩ ግን በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ሕዝቡን እንደ ሰበሰበ ይኖራል።

ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ወደ ታች ስንወርድ፣ ክረምቱ ትቶት የሄደ አንድ ትንሽ ኩሬ ከመንገዳችን ዳር አገኘን። ከጓደኞቻችን አንዱ በሌላ ወረዳ በጤና ሥራ ላይ የተቀመጠ፣ ሥራውንም የሚወድ ወጣት ነው። ከቦርሳው ውስጥ ብርጭቆ አወጣና ከኩሬው ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሣው። ከሩቅ ጥሩ የመሰለው ውሃ ቀርበን ስናየው ነጫጭና ቡናማ ነጠብጣቦች ሽቅብና ቍልቍል የሚራወጡበት ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ አንዲት እናት እንስራ አዝለው ከኩሬው ዳር ደረሱ።

«አዩ እማማ!» አላቸው ጓደኛችን ብርጭቆውን እያሳየ። «ይህን ሁሉ ተባይ ነው የሚጠጡት። ይህ ኩሬ መድኃኒት ተረጭቶበት፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ማለቅ አለበት።»

«ምን ሆንህ ልጄ?» አሉ እናትዮዋ እንስራቸውን እያወረዱ። «ኩሬውስ የከብቶቹ ነበር፤ ምንጩ ሲጎድል ጊዜ ነው እኛም የምንቀዳው። አያቶቻችንም ጠጥተውታል። ነፍስ ያለበት ውሃ ምን ያደርጋል? መጥፎስ ነፍስ የሚሸሸው ውሃ ነው።»

ጓደኛችን መልስ ሊሰጥ ሲል፣ ከኋላችን ይወርዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ቆም ብለው ብርጭቆውን ተመለከቱና «ለመሆኑ ስማቸው ማን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጀርም ነው አባ» አላቸው ጓደኛችን።

«ሁሉም?»

ጓደኛችን ዝም አለ። መሪጌታውም ፈገግ ብለው እንዲህ አሉ። «እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ በጆሮ አንድ ናቸው። ‹ሰረቀ› ብለህ በእሳቱ ብትጽፈው ሌባ ሰረቀ ማለት ነው፤ ‹ሠረቀ› ብለህ በንጉሡ ብትጽፈው ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። ሁለቱን ያልለየ ጸሓፊ በአንዲት ፊደል ፀሐዩን ሌባ ያደርገዋል። እናንተም ይህን ውሃ ከመፍረዳችሁ በፊት ፊደሉን ለዩ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ተግሣጽ ከጓደኛችን ይልቅ እኛን ነበር የነካን። ምክንያቱም በዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ ፈተና ላይ በአጉሊ መነጽር ሥር የቀረበልንን ፍጥረት ያለ አንዳች ጥርጥር «ዳፍንያ» ብለን ጽፈን፣ ፍጥረቱ ግን ሳይክሎፕስ ሆኖ ተገኝቶ ነጥባችንን አጥተናል። በዚያን ጊዜ «ሁለቱም የኩሬ ቅንጣቶች ናቸው፤ ምን ልዩነት አለው?» ብለን አጕረምርመን ነበር። ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ የገባን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሊቁም ተሳስቶ ነበር

እነዚህ ቅንጣቶች ሊቃውንት ክረስታሺያ ከሚሏቸው ወገን ናቸው። ይኸውም በውስጣቸው አጥንት የሌላቸው፣ በአጥንት ፈንታ ውጪያቸውን ቅርፊት የሸፈናቸው፣ ባደጉ ቍጥርም የጠበባቸውን ቅርፊት አውልቀው አዲስ የሚለብሱ፣ በግንባራቸውም ሁለት ጥንድ ቀንድ ያላቸው እንስሳት ማለት ነው። በወንዝ ድንጋይ ሥር የሚሸሸገው ሸርጣን የዚሁ ወገን ነው። የወባ ትንኝ ዕጭ ግን ምንም እንኳ በዚያው ውሃ ውስጥ ቢርመሰመስ፣ የነፍሳት ወገን ስለ ሆነ ከነዚህ ጋር አይቈጠርም።

መለየቱ ለኛ ብቻ የከበደ አልነበረም። እቴጌ ምንትዋብ በሕይወት ሳሉ፣ በ1758 እ.ኤ.አ. ታላቁ የስዊድን ሊቅ ሊኔየስ የእንስሳትን ስም ዝርዝር ባሳተመ ጊዜ፣ የውሃውን ቅንጣቶች ሁሉ ሰብስቦ «ሞኖኩሉስ» በሚባል በአንድ ስም ጠራቸው። ትርጓሜውም ባለ አንድ ዓይን ማለት ነው። በዓይን ብቻ ስለ ፈረደም፣ ሳሕን የሚያህለውንና የፈረስ ኮቴ የሚመስለውን የባሕር እንስሳ ከቁንጫ የማይበልጡትን የኩሬ ፍጥረቶች ወንድም አድርጎ ጻፈው። በኋላ ግን ሙለር የሚባል የዴንማርክ ሊቅ የኩሬዎችን ውሃ በትዕግሥት እየመረመረ አንዱን ካንዱ ለየ። በ1785 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉም ዳፍንያ ለብቻው፣ ሳይክሎፕስ ለብቻው፣ ቅርፊቱ እንደ ባቄላ ለሁለት የሚከፈተውም ለብቻው ስም አግኝቶ ይታያል። ሊኔየስን የሚያህል ሊቅ ከተሳሳተ፣ ጓደኛችን «ጀርም ነው» ቢል እጅግ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ከተነገረው በኋላም አልለይም ያለ እንደ ሆነ ነው።

እንዴት ይለያሉ?

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ሥራ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ንጹሕ ብርጭቆ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ከብርጭቆው በስተኋላ የሚዘረጋ ጥቍር ጨርቅ፣ ቢገኝም አንድ የእጅ አጉሊ መነጽር ይበቃል። ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው ግን ትዕግሥት ነው። ውሃው ተቀድቶ ጭቃው እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ይጠበቃል። ከዚያም ሦስት ነገር ይታያል፤ አካሄዳቸው፣ ቀንዳቸውና እንቍላላቸው።

መጀመሪያ አካሄዳቸውን እንመልከት። ዳፍንያ ትዘልላለች። ሽቅብ ብድግ ትልና ቀስ ብላ ቍልቍል ትሰጥማለች፤ እንደገናም ብድግ ትላለች። ስለዚህ ነው ፈረንጆች «የውሃ ቁንጫ» የሚሏት። ሳይክሎፕስ ግን እንደ ተተኰሰ ነው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አጭር አጭር እየተወረወረ ይሄዳል፤ መንገዱ አይታወቅም። የሳይክሎፕስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ዲያፕቶመስ ደግሞ ረጃጅም ቀንዶቹን ዘርግቶ፣ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ እንደሚያንዣብብ ጭልፊት በውሃው መካከል ረግቶ ይቆይና፣ የሚያስደነግጠው ነገር ሲመጣ በአንድ ጊዜ ተወርውሮ ይጠፋል። አራተኛው ኦስትራኮድ ይባላል፤ ከነእግሩ ከነራሱ በሁለት ቅርፊት ውስጥ ስለ ተከተተ ትንሽ የምስር ፍሬ ይመስላል። እሱም በብርጭቆው ታችና ዳር ዳር እየተሽከረከረ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምልክት ቀንዳቸው ነው። የዳፍንያ ቀንዶች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፈሉ ሲሆኑ፣ እንደ መቅዘፊያ እያወራጨቻቸው በነሱ ትዋኛለች። የዲያፕቶመስ ቀንዶች ረጃጅሞች ናቸው፤ ወደ ኋላ ቢታጠፉ እስከ ጅራቱ ሊደርሱ ምንም አይቀራቸው። የሳይክሎፕስ ግን አጫጭር ስለ ሆኑ ከፊተኛው የሰውነቱ ክፍል አያልፉም። ዲያፕቶመስና ሳይክሎፕስ በሌላው ሁሉ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ አጥብቆ ማየት የሚገባው ይህን ምልክት ነው። ሳይክሎፕስ ከፊቱ ሰፍቶ ወደ ኋላ የሚቀጥን ሲሆን፣ በግንባሩ መካከል አንዲት ቀይ ነጥብ የመሰለች ዓይን አለችው። ስሙም የወጣለት በግሪኮች ተረት ውስጥ ባለ አንድ ዓይን ከሆነው ግዙፍ ነው።

ሦስተኛው ምልክት ለማስታወስ ከሁሉ ይቀላል፤ ይኸውም እናቲቱ እንቍላሏን የምትሸከምበት ቦታ ነው። ዳፍንያ ልጅዋን በአንቀልባ እንዳዘለች እናት በጀርባዋ ትይዛለች፤ ቅርፊቷም እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ ልጆቿ በጀርባዋ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። ሳይክሎፕስ ጭነት እንደ ተጫነች አህያ በግራና በቀኝ ሁለት ከረጢት ታንጠለጥላለች። ዲያፕቶመስ ግን አንድ ከረጢት ብቻ ከሆዷ በታች ትይዛለች። እንግዲህ አንቀልባ ያየ ዳፍንያን፣ ሁለት ጭነት ያየ ሳይክሎፕስን፣ አንድ ጭነት ያየ ዲያፕቶመስን አየ ማለት ነው። እኛም ይህን በፈተናው ቀን ብናውቅ ኖሮ ነጥባችን ባልጠፋ ነበር።

ከዚሁ ጋር «በጋ የደረቀ ኩሬ ክረምት ሲገባ እነዚህን ከወዴት ያመጣቸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ከሰማይ የዘነቡ አይደሉም። ዳፍንያ ክፉ ቀን ሲመጣ ወፍራም ሽፋን ያለው እንቍላል ታዘጋጃለች፤ ሽፋኑም ኮርቻ ስለሚመስል ሊቃውንት በግሪክ ቋንቋ ኮርቻ ብለው ሰይመውታል። ይህ እንቍላል በደረቀው ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ከሳይክሎፕስም ዓይነቶች አንዳንዶቹ ልጆቻቸው በጭቃ ውስጥ ተኝተው በጋውን ያልፋሉ።

ስለ ምን መለየት አስፈለገ?

እስካሁን የተናገርነው ለተማሪ ፈተና ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ይጀምራል። ከነዚህ ከአራቱ መካከል የሰውን እግር ለሚያቆስለው ለጊኒ ትል መኖሪያ የሚሆነው ሳይክሎፕስና የቅርብ ወገኖቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቲቱ የጊኒ ትል በሰው ሰውነት ውስጥ አድጋ እስከ አንድ ሜትር ትረዝማለች፤ ሲበቃትም አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ቆዳውን አቍስላ ትወጣለች። ቍስሉ እንደ እሳት ስለሚያቃጥል በሽተኛው እግሩን ለማብረድ ወደ ኩሬ ይገባል። ትሏም በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ዕጮቿን በውሃው ላይ ትበትናለች። እነዚህ ዕጮች ብቻቸውን ሰውን አይጎዱም። ሳይክሎፕስ ግን አዳኝ ነውና ያገኛቸውን ይውጣቸዋል፤ በሆዱም ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ይጐለምሳሉ። ከዚህ በኋላ ያንን ውሃ ሳያጠልል የጠጣ ሰው ሳይክሎፕሱን ከነዕጩ ይውጣል። አንድ ዓመት ያህል አንዳች ሳይሰማው ይኖርና፣ ከዚያ በኋላ ቍስሉ ይወጣበታል። ለበሽታው ክትባትም ሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ትሏን በቀጭን እንጨት ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጠቀለሉ ማውጣት ብቻ ነው፤ ይህም ሳምንታት የሚፈጅ ሥቃይ ነው።

ይህን የምሥጢር ሰንሰለት የፈቱት ሰዎች እንደ አንባቢዎቻችን ወጣቶች መሆናቸው ደስ ያሰኛል። ሩሲያዊው አሌክሴይ ፌድቼንኮ በ1870 እ.ኤ.አ. በተርኪስታን አገር የትሏን ዕጮች በሳይክሎፕስ ሰውነት ውስጥ ባየ ጊዜ ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ ብሪታንያዊው ሮበርት ሌይፐር፣ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር፣ ዕጭ ያለባቸውን ሳይክሎፕሶች በሙዝ ውስጥ አድርጎ ለዝንጀሮ አበላና፣ ከወራት በኋላ ትሎቹን በዝንጀሮው ሰውነት ውስጥ አገኘ። እሱም ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለቱም ሳይክሎፕስን ከዳፍንያ መለየት ባይችሉ ኖሮ፣ ከውሃው ውስጥ የትኛውን እንደሚመረምሩ እንኳ አያውቁም ነበር።

ዕውቀቱ የሰጠው ፍሬም ታላቅ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው በጊኒ ትል ይያዝ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ግን በዓለም ሁሉ የተመዘገቡት 15 ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህ ሁሉ የሆነው በክትባት ሳይሆን፣ ውሃን በጨርቅ በማጥለል፣ በሽተኛው እግሩን ከኩሬ እንዲያርቅ በማስተማርና፣ ትሉ መኖሩ በታወቀበት ኩሬ ላይ ብቻ ሳይክሎፕስን የሚገድል መድኃኒት በልክ በመጨመር ነው። በአገራችን በሽታው በይበልጥ የታወቀው በጋምቤላ ሲሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. 11 ሰዎች በዚያ ተይዘው ነበር። ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎችም ላይ ስለ ተገኘ ሥራው ጥንቃቄን ይጠይቃል። የጎንደር ደጋ የዚህ በሽታ አገር አይደለም። ነገር ግን ወጣቱ ሠራተኛ ነገ ምደባው ወዴት እንደሚያወጣው አያውቅም፤ ዛሬ በቁስቋም የለየውን ሳይክሎፕስ ነገ በባሮ ዳር ያገኘው ይሆናል።

ለጎንደር ከዚህ የሚቀርበው ሌላው ጕዳይ ኮሌራ ነው። የኮሌራ ተዋስያን በውሃ ውስጥ ብቻቸውን የሚንሳፈፉ ብቻ ሳይሆኑ፣ እንደ ሳይክሎፕስና እንደ ዲያፕቶመስ ባሉት ቅርፊት ላይ ተለጥፈው እንደሚኖሩ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። አሜሪካዊቷ ሊቅ ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቿ ይህን መሠረት አድርገው፣ በባንግላዴሽ ገጠር ያሉ ሴቶች የለበሱትን አሮጌ ሳሪ አራት ጊዜ አጥፈው ውሃቸውን እንዲያጠልሉበት አስተማሩ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በዚህ ብቻ ኮሌራው በ48 ከመቶ ቀነሰ። ቅርፊተኞቹን የያዘ ጨርቅ ተሳፋሪዎቻቸውንም አብሮ ያስቀራልና ነው። ከቅርፊት ጋር ያልተለጠፈው ተዋስያን ግን በጨርቅ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ማጥለል የመጀመሪያው ሥራ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን ማከሚያ በመመሪያው መሠረት መጨመር ያስፈልጋል።

ጠላት ብቻ አይደሉም

እንዲህ ከሆነ፣ «ጓደኛችሁ ሁሉም ይለቅ ማለቱ ትክክል ነበር» የሚል ይኖር ይሆናል። አልነበረም። ዳፍንያ ከቀን እስከ ሌሊት ውሃውን በእግሮቿ እያጣራች አረንጓዴውን አልጌ የምትመገብ ናት። እሷን የገደለ ሰው ኩሬውን ለአልጌ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ለመርዝም እጅግ ስስ ስለ ሆነች፣ በብዙ አገር የኬሚካል መርዛምነት የሚፈተነው በእሷ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ሜችኒኮፍ የሚባለው ሊቅ በ1884 እ.ኤ.አ. የሰውነት ሕዋሳት የገባባቸውን በሽታ እየዋጡ እንዴት እንደሚከላከሉ ያሳየው፣ በዳፍንያ መስተዋት መሳይ ሰውነት ውስጥ ተመልክቶ ነው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ከተቀበሉት አንዱም እሱ ነበር።

ከቁስቋም ወደ ደቡብ ወርደን ወደ ጣና ብንሄድ ደግሞ የሐይቁ ዓሣ የቆመው በነዚህ ቅንጣቶች ላይ መሆኑን እናያለን። ዶክተር እሸቴ ደጀን በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2003 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናት ስለ ጣና ትንንሽ ዓሦች ነው። ከነሱ ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ቀድሞ አንድ ይመስሉ ነበር። ሲለዩ ግን አንደኛው በዳር፣ ሁለተኛው በሐይቁ መካከል የሚኖር ሆኖ ተገኘ፤ የመካከሉም ምግብ እነዚሁ የውሃ ቅርፊተኞች ናቸው። ትልልቆቹ ዓሦች ደግሞ ትንንሾቹን ይበላሉ። ስለዚህ በባሕር ዳር ገበያ የሚሸጠው ዓሣ ከሥሩ ሲመረመር ከዳፍንያና ከዲያፕቶመስ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ሳይክሎፕስም ቢሆን በሁሉ ቦታ አይወገዝም። በቬትናም ገጠር ሜሶሳይክሎፕስ የሚባሉትን ትልልቆቹን ዓይነቶች በውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳዎች ውስጥ እየጨመሩ፣ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈውን ትንኝ ዕጮች አስበልተው፣ በብዙ መንደሮች ትንኟን አጥፍተዋል። ያው ወገን በአንዱ አገር ደመኛ፣ በሌላው አገር ዘበኛ ሆነ ማለት ነው። መለየት የሚባለው እንግዲህ ስም ማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ በየትኛው ቦታና ከማን ጋር እንዳለ ማወቅም ነው።

ጎንደር ለዚህ ዓይነት ትምህርት እንግዳ አገር አይደለችም። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። የጤና መኰንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ሠራተኛው በአንድነት ወደ መንደር እየወጡ የሚሠሩበት ትምህርት ነበር። ወባን ለሚዋጋ ሠራተኛም የመጀመሪያው ትምህርት መለየት ነው፤ የወባዋ ትንኝ ዕጭ በውሃው ፊት ላይ ተጋድማ ስትተኛ፣ የሌላዋ ግን ራሷን ቍልቍል አድርጋ ትንጠለጠላለች። ይህን ያልለየ ሰው ጕልበቱንም መድኃኒቱንም በማያስፈልገው ኩሬ ላይ ይጨርሰዋል።

ወደ ኩሬው እንመለስ

በዚያ ቀን በቁስቋም ኩሬ ዳር ከተቀመጥንበት እስክንነሣ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ጓደኛችን የእጅ አጉሊ መነጽሩን ለመሪጌታው ሰጣቸው። እሳቸውም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እየተመለከቱ «ይህቺ ትዘልላለች… ያ ይወረወራል…» እያሉ ተራ በተራ ለዩአቸው። ጥቂት ቈይቶ እናትዮዋም ጠጋ ብለው አዩ። ዳፍንያይቱን ከነልጆቿ ባዩ ጊዜ «ውይ! አዝላለች እኮ!» ብለው ሳቁ። ሳይክሎፕሷን ሲያዩ ግን ፊታቸውን አጨፈገጉና «ይህቺ የተጫነችቱስ?» ሲሉ ጠየቁ። ጓደኛችን በዚህ ጊዜ አልቸኰለም። ስለ ትሉም ስለ ኮሌራውም እየለየ ነገራቸው፤ ትሉ በዚህ አገር እንደማይገኝ፣ የተቅማጡ በሽታ ግን የትም ሊመጣ እንደሚችል አስረዳቸው። የተናገረውም እንደ ቀድሞው «ይለቅ» በሚል ቃል ሳይሆን «ይህን እንዲህ ቢያደርጉት» በሚል ቃል ነበር።

እናትዮዋም በራሳቸው ነገር አልጸኑም። «ለካ ነፍስ ያለበት ሁሉ ደኅና አይደለም» አሉ። ከመቀነታቸው ላይ አሮጌ ነጠላቸውን ፈትተው አራት ጊዜ አጠፉትና፣ በእንስራው አፍ ላይ አድርገው ውሃውን አጠለሉበት። ሲጨርሱ ጨርቁን ገልብጠው አዩት፤ ቡናማ ቅንጣቶች ተደርድረውበት ነበር። ጨርቁም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ መስጣት እንዳለበት፣ ውሃውም ለሚጠጣ ሰው ሳይፈላ እንደማይበቃ ነገርናቸው።

እኛ ከዚያ ስንነሣ ጓደኛችን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ሲጽፍ አየነው። በሚሠራበት ወረዳ ያሉትን ኩሬዎች ሁሉ በመድኃኒት ለማስረጨት ሊያቀርበው ያሰበ ጽሑፍ ነበረው። ያንን ሰርዞ፣ የሰውና የከብት መጠጫ እንዲለይ፣ ምንጮቹም ታጥረውና ጐልብተው ንጹሕ ውሃ እንዲሰጡ የሚጠይቅ ሌላ ጽሑፍ መጀመሩን ነገረን። ውሃው ከምንጩ ከተጠበቀ፣ ቅርፊተኞቹም በኩሬያቸው፣ ሰዎቹም በጤናቸው ይኖራሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችሁ ነገ ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ ስለ ሕዝብ የምትፈርዱ ሰዎች ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ዛሬውኑ ማኅተም ይዛችኋል። በጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርበው ጕዳይ ሁሉ ከሩቅ አንድ ይመስላል፤ አመልካቹም አመልካች፣ አቤቱታውም አቤቱታ ነው። «ሁሉም ያው ነው» የሚለው ቃል ሥራን ያቀልላል፤ ከዚህ የተነሣ ግን የሚጎዳው ሰው ብዙ ነው። ከመፍረዳችሁ በፊት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሡት፤ ጭቃው እስኪረጋ ድረስ ጠብቁ፤ ከዚያም አካሄዱን፣ ቀንዱንና ጭነቱን እዩ።

ዳገቱን ስንወርድ ወደ ኋላ ዞር ብለን አየን። እናትዮዋ እንስራቸውን አዝለው፣ ከጐረቤታቸው ልጅ ጋር እያወሩ ይሄዳሉ። «አንደኛይቱ አዝላለች፣ አንደኛይቱ ተጭናለች» ሲሏት ሰማናቸው፤ «ባለ ጭነቷን ያየሽ ቀን ሳታጠይ እንዳትቀጂ።»